መርዶ የማይደርስበት ሰፈር

ከቦርከና የሙከራ ቀጠና ወጥቶ ውጭ አገር የሄደ ሰው መሞት ካቆመ ሰንበትበት ብሏል። ነገሩን ማንም ልብ አላለውም። ክፉ ሲመጣ ሰው ይጮኻል እንጂ ክፉ ሲቀር ማን ዞር ብሎ ያያል? ሰፈሩ ውስጥ አልጋው ላይ ያለው እንደ ወትሮው ይሞታል፤ ቅሬው፣ የሰፈሩ እድር፣ ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ይለቀሳል፣ ይቀበራል። ከሩቅ የሚመጣው መርዶ ግን ቀርቷል። ጅዳ ያለው ደህና ነው፣ ጅቡቲ ያለው ደህና ነው፣ መርከብ ላይ ያለውም ደህና ነው። ሁሉም በሰዓቱ ይደውላል።

ይህን ቀድማ ማስተዋል የነበረባት ሰው ብትኖር እትዬ ኤልዳና ነበረች። ቀን ቀን ከዳቦ ቤቱ አጠገብ ባለችው ጠባብ ክፍሏ ልብስ ትሰፋለች፤ ለሰፈሩ ቅሬ ደግሞ መርዶ ነጋሪ ናት። ድሮ ሰው በሩቅ አገር ሲሞት ወሬው መጀመሪያ ለቅሬው ሽማግሌዎች ይደርስና «ኤልዳናን ጥሯት» ይባል ነበር። እሷም ነጠላዋን ትደርባለች፣ ደጋፊ የሚሆኑ ሰዎች ታስከትላለች፣ በማለዳ ሄዳ በሩን ታንኳኳለች። እሷ ያረዳችው ሰው ወድቆ አልተሰበረም፣ እሳት ላይ አልተደፋም፣ ራሱን አልጎዳም። ይህንን ክርስቲያኑም እስላሙም ያውቅላታል።

ስሟ አያስቃችሁ። በእሷ ዘመን የተወለደች ሴት ሁሉ ኤልዳና ወይ ሶሊያና ነበረች፤ ዛሬ እነዚያ ሶሊያናዎች ጥርሳቸው ረግፎ በምርኩዝ ይሄዳሉ። የዛሬ ወጣቶች ደግሞ የቅድመ አያቶቻቸውን ስም አንስተው ደብሪቱና ወንድይራድ ሆነዋል። ወንድይራድ የኤልዳና አንድ ልጇ ነው። የመርከብ መካኒክ ነው፤ ኮምቦልቻ ተወልዶ፣ ከቦርከና ወንዝ ሌላ ውኃ ሳያይ አድጎ፣ ዛሬ ውቅያኖስ ላይ ይኖራል። ባለፈው መስቀል እመጣለሁ ብሎ መርከቡ ዘገየ። ለፋሲካ አለ፣ ቀረ። ለመጪው መስቀል ግን አይቀርም፤ በእግዜር ስም ምሏል። ኤልዳና ኮት እየሰፋችለት ነው።

«የወገብህን ልክ ላክልኝ እንጂ» ትለዋለች በስልክ። «ወፍረህ ቢሆንስ?»

«ያው ነኝ እማዬ» ይላታል። «ምንም አልተለወጥኩም።»

የሙከራ ቀጠና ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት አይከብድም። መንግሥት አዳዲስ የዲጂታል ፈጠራ እንዲበረታታ ብሎ አንድ ሰፈር ይመርጥና እዚያ ሰፈር ላይ ሕጉን ለጊዜው ያነሳል። ፈጣሪዎቹ ያሻቸውን ይሞክራሉ፤ ተቆጣጣሪው ቁጭ ብሎ ያያል፤ የሠራው ለመላ አገሪቱ ይፈቀዳል፣ ያልሠራው ይጣላል። ድንበሩ አስፋልቱ ላይ የተቀባ ቢጫ መስመር ነው። ሹፌር አልባው ባጃጅ ከሰፈር ሲወጣና መስመሩን ሲሻገር «ሕግ በሙሉ ወደሚሠራበት አካባቢ እየገቡ ነው፤ እባክዎ ይጠንቀቁ» ይላል። የሰፈሩ ሰው መጀመሪያ ይስቅ ነበር፤ አሁን አይሰማውም።

መብራት በነፃ፣ ግብር በግማሽ ሲባል ማን እምቢ ይላል? ሁሉም «አዎ» አለ፣ ሁሉም የልብ ትርታውን የሚለካውን ቢጫ አምባር እጁ ላይ አሰረ፣ ኑሮም ቀጠለ። ዳቦ ቤቱ የገዢውን ረሃብ አይቶ ዋጋ ይቀይራል፤ ስለዚህ የሰፈሩ ሰው ዳቦ ሊገዛ ሲሄድ በልቶ ይሄዳል። አንድ ክረምት ሙሉ የመንገዱ መብራት የተኳረፉ ጎረቤቶች ሲተላለፉ ሰላም እስኪባባሉ ድረስ ይጠፋባቸው ነበር። ሁለት ሽማግሌዎች እልህ ተጋብተው በጨለማ ሲተላለፉ ቦይ ውስጥ ከገቡ በኋላ ሙከራው «ጠቃሚ ትምህርት ተገኝቶበት» ተዘጋ። የአንደኛው እግር እስከ ዛሬ አልተቃናም። ስለዚህም ስለዚያም «ምነው?» ብለህ ስትጠይቅ መልሱ አንድ ነው፤ «ሙከራ ላይ ነው።»

«እፎይ» የሚባለው አገልግሎት የገባውም እንዲሁ ነው። የቀጠናው አስተባባሪ ወይዘሪት ደብሪቱ ከመንግሥት የፈጠራ ጽሕፈት ቤት የተላከች፣ ደሴ የምታድር፣ ቀጠን ያለች ጨዋ ልጅ ናት። የዛሬ ሦስት ክረምት አካባቢ ሁለት የኩባንያ ሰዎች አስከትላ ኤልዳና ስፌት ቤት መጣች።

«እትዬ፣ መርዶ እንዴት እንደሚነገር እንዲያስተምሩን ነው የመጣነው» አለች።

ኤልዳና ደስ አላት። ዕድሜዋን ሙሉ የሠራችው ሥራ ነው፤ አንድም ሰው «አስተምሪኝ» ብሏት አያውቅም። የስፌቱን መኪና አቆመች።

«መጀመሪያ ቁርስ መብላቱን ትጠይቂያለሽ» አለች። «ሰው ከሰማ በኋላ እህል አይቀምስም፤ ስለዚህ ሳይሰማ ይብላ። ከዚያ ታስቀምጪዋለሽ። መርዶ ቆሞ የሚሰማ ሰው ይወድቃል። ውኃ ታስመጫለሽ። ቢላም፣ ከሰልም፣ ሕፃንም ከአጠገቡ ታርቂያለሽ። ከዚያ አርፏል ትያለሽ። ስሙን ሳትጠሪ ግን እንዳትወጪ። ስሙን ካልጠራሽው ሰውየው ሌላ ሰው ይሆናል እያለ ተስፋ ያደርጋል፤ ይሄ ግፍ ነው።»

«ቀኑስ እንዴት ይመረጣል?» አለ አንዱ የኩባንያ ሰው።

«እሱማ ዋናው ነው! ነፍሰ ጡር ብትሆን እስክትወልድ፣ ተማሪ ቢሆን እስኪፈተን፣ በሽተኛ ቢሆን እስኪያገግም ይጠበቃል። ልቡ እስኪረጋ። እስከዚያ ደህና ነው እያልን እናቆየዋለን። ምን ክፋት አለው? ለሱ ብለን ነው።»

«ደህና ነው እያላችሁ» አለ ሰውየው፣ አምባሯን እያየ። «ልቡ እስኪረጋ።»

አመስግነዋት ሄዱ። ኤልዳና ያን ቀን ለሰፈሩ ሁሉ «መንግሥት መጥቶ ተማረ ከኔ» ስትል ዋለች።

ከዚያ ወዲህ የሆነው ነገር የሚያስገርም ነበር፤ ግን ደስ የሚል ግርምት ነው። ሩቅ ያለ ሰው ሁሉ ጨዋ ሆነ። ወንድይራድ ድሮ ስልክ የሚጠላ ልጅ ነበር፤ ሲደውልም «እሺ እማዬ፣ እሺ፣ እሺ» ብሎ ይዘጋል። አሁን ማታ ማታ ይደውላል፣ ስለ ጉልበቷ ይጠይቃል፣ ሐኪሙ ያለውን ያስታውሳል። አንድ ቀን ሆድ ብሷት፣ ያለምክንያት እንባ እንባ ብሏት ቁጭ ብላ ሳለ ስልኩ ጮኸ። «እማዬ፣ ደህና ነሽ? ዝም ብሎ ልቤ ፈራ» አላት። ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ እንዲህ ሆነ። እሷ ስትከፋ እሱ ይደውላል።

«ልቡ ይነግረዋል» ትላለች ለሂክማ። «ባሕሩ ሰው አደረገው።»

«የኔንስ አታይውም?» ትላለች ሂክማ።

ሂክማ ጎረቤቷ፣ የልጅነት ጓደኛዋና መርዶ ልትነግር ስትሄድ የማትለያት ደጋፊዋ ናት። ክንደ ብርቱ ናት፤ ስንቱን ጎረምሳ ከመሬት አንስታለች። ወንድሟ አንዋር ጅቡቲ ሱቅ አለው። በአባታቸው ቤት ውርስ ተጣልተው «ሞቼም እንዳትመጪ» ብሏት ተለያይተው ነበር። ይኸው ሰውዬ ዓምና ለኢድ ደወለላትና ይቅርታ ጠየቃት። እያለቀሰ ነው የጠየቃት። ከዚያ ወዲህ ጁምዓ በመጣ ቁጥር ይደውላል። ሂክማ ከዚያ ቀን ጀምሮ አሥር ዓመት የቀነሰች ትመስላለች፤ የድሮ ሳቋ ተመልሶላታል።

የቅሬው ድንኳን ከዕቃ ቤት ብዙም አይወጣም። የኤልዳና የመርዶ ነጠላ ሣጥን ውስጥ ተጣጥፎ ተቀምጧል። «ሥራ ፈታሁ» እያለች ትቀልዳለች፤ ሰዉም «እሰይ! ፍቺ እንጂ!» ይላታል።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሰፈሩ ለስብሰባ ተጠራ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ደብሪቱ መድረኩ ላይ ቆማ ፊቷ ቦግ ብሏል።

«የምሥራች ይዤ ነው የመጣሁት» አለች። «እፎይ ሙከራውን አልፏል! ባለፉት ዓመታት በእናንተ ቀጠና ከሩቅ በመጣ መርዶ ደንግጦ የወደቀ ሰው የለም። ራሱን የሳተ የለም። ሐኪም ቤት የገባ የለም። በአገር አቀፍ ደረጃ እንዲህ ያለ ውጤት ታይቶ አያውቅም። ከሰኞ ጀምሮ በመላ አገሪቱ ሥራ ይጀምራል።»

ሰው አጨበጨበ። ኤልዳናም አጨበጨበች፤ የሷም እጅ አለበት አይደል?

«መመሪያው ግን አንድ ነገር ያዛል» ቀጠለች ደብሪቱ። «ሙከራው ከመዘጋቱ በፊት ተሳታፊው ሁሉ ወደ ነበረበት ሁኔታ መመለስ አለበት። ስለዚህ ተይዘው የቆዩት መርዶዎች ነገ ጠዋት ይነገራሉ።»

ጭብጨባው እዚህም እዚያም እያለ ቆመ።

«የትኞቹ መርዶዎች?» አሉ የቅሬው ሰብሳቢ ጋሽ ናታኒም።

ደብሪቱ ጥያቄው አልገባትም መሰለ። «የተያዙት ናቸዋ» አለች። «ውጭ አገር ያረፉት ዘመዶቻችሁ። ቀናቸው እስኪደርስ እፎይ እየደወለላችሁ የቆየው።»

ለአፍታ ከኋላ በኩል የሆነ ሰው ሳቀ። እንዲህ ያለ ሳቅ ኤልዳና ታውቀዋለች፤ መርዶ የተነገረው ሰው አንዳንዴ መጀመሪያ ይስቃል።

«የኔ ልጅ አሁን ስገባ ደውላልኝ ነበር እኮ» አለች አንዲት ሴት፣ ስልኳን ከፍ አድርጋ እያሳየች። «አሁን! በር ላይ! ድምፅዋ እኮ ነው!»

«አዎ» አለች ደብሪቱ። «አገልግሎቱ በጣም ጥሩ ነው።»

«ስንት ቤት ነው?» አሉ ጋሽ ናታኒም።

«ከግማሽ በላይ።»

ወይ ጉድ! ሰው ሁሉ ስልኩን ያያል፤ የሚነካው ግን የለም። ማንን ጠይቆ፣ ማንን ያምናል? ኤልዳና ተነሥታ ቆመች።

«ምን ነካችሁ? አንቺ ልጅ፣ ምን አደረጋችሁን? ለምን እስከ ዛሬ አልነገራችሁም?»

«እትዬ ኤልዳና» አለች ደብሪቱ በአክብሮት፣ «እርስዎ እኮ ነዎት ያስተማሩን። ልቡ እስኪረጋ ጠብቁ አሉን። ሥርዓቱ ጠበቀ። የረጋ ልብ ሲያገኝ ደግሞ ይህን የረጋ ልብ ለምን እረብሻለሁ ብሎ የተሻለ ቀን ይፈልጋል። የተሻለ ቀን ደግሞ ሁልጊዜ አለ። እኛ እንደ ስኬት ነው የመዘገብነው።»

ልጅቱ የተናገረችው ቃል ሁሉ የኤልዳና የራሷ ነበር፤ አንዱም አልተለወጠም።

ደብሪቱ ደግሞ የምትጠይቀው ነገር ነበራት። ነገ ማለዳ የሚነገረው መርዶ ብዙ ነው፤ ነጋሪ ያስፈልጋል። መመሪያው «በአካባቢው ባህል መሠረት» ይላል። ኤልዳና በድንዛዜ እዚያው አዳራሽ ውስጥ ጎረቤቶቿን ታስተምር ጀመር። ቁርስ መብላቱን ጠይቁ። አስቀምጡ። ውኃ አቅርቡ። ስሙን ጥሩ። ሂክማ ከፊት ቁጭ ብላ ቃሉን በከንፈሯ ትደግማለች፤ ስንት ጊዜ አብራት ሄዳ የሰማችው ነው። ደጋፊ ይዞ መሄድ ግን አይቻልም፤ ሰው አይበቃም። አንድ ነጋሪ ወደ አንድ ቤት ነው።

ከዚያ ደብሪቱ ነጋሪዎቹን አንድ በአንድ ወደ ጓዳ እየጠራች፣ የሚሄዱበትን ቤትና የሟቹን ስም በጆሯቸው ነገረቻቸው። ኤልዳና ገባች።

«የሚሄዱት ሂክማ ጋር ነው» አለች ደብሪቱ። «ወንድሟ አንዋር ነው። ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው።»

ኤልዳና ግድግዳውን ያዘች። ሁለት ዓመት! ታዲያ ዓምና ለኢድ እያለቀሰ ይቅርታ የጠየቀው ማን ነው? ሂክማ ይቅር ያለችው ማንን ነው? ይህን እንዴት አድርጎ ሰው ለሰው ይነግራል?

ልትወጣ ስትል ዞረች። የሚያንቃት ጥያቄ ነበር።

«መርዶ ነጋሪ የምታደርጉት ቤቱ ሰላም የሆነውን ሰው ነው አይደል? ሐዘን ያለበት ሰው ለሌላ ሐዘን አይላክም። በኛ ዘንድ ነውር ነው።»

«በተቻለ መጠን» አለች ደብሪቱ፣ መሬት መሬት እያየች።

ኤልዳና ይህንን መልስ እንደ «አዎ» ወሰደችው። ሰው ነው፣ ሌላ ምን ያድርግ? በሩ ላይ ስትደርስ እንደ ልማዷ «እናትሽ ደህና ናት?» አለቻት።

«ደህና ናት። ከቤይሩት ትናንት ደውላልኝ ነበር...» አለች ደብሪቱ፤ አፏም እንደ ተከፈተ ቀረ። እሷ የምታድረው ደሴ ነው፣ ከቢጫው መስመር ውጭ፣ ሕግ በሙሉ በሚሠራበት። እስከ ሰኞ ድረስ። ከሰኞ ወዲያ የሚደውልላት ማን እንደሆነ እሷም ማወቅ አትችልም።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ። ወንድይራድ ነው። ኤልዳና ኮቱን ጭኗ ላይ አድርጋ አየችው፣ አየችው፣ አላነሣችም። አልፈራሁም አለች ለራሷ። እኔንማ የላኩኝ ቤቴ ሰላም ቢሆን ነው። ልጄ ሥራ ላይ ሆኖ ልቡ ፈርቶ ነው። ነገ ይሄ ሁሉ ካለፈ በኋላ ደውዬ ስቄ አጫውተዋለሁ። ስልኩ ሲጠራ፣ ሲጠራ፣ ዝም አለ። ኮቱ የቀረው ቁልፍ ብቻ ነው፤ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ተከለችና ማንጠልጠያው ላይ ሰቀለችው። ያማረ ኮት ነበር።

ጎህ ሲቀድ የመርዶ ነጠላዋን ከሣጥን አውጥታ ደረበች፤ ጥለቱን ለሐዘን እንደሚደረገው አዘቀዘቀችው። ከቤት ስትወጣ ያየችው ነገር እግሯን ያዘው። መንገዱ በሰው ተሞልቷል። ከየበሩ ነጠላውን ያዘቀዘቀ፣ ሻሿን ያጠበቀች፣ ጋቢ የደረበ ይወጣል። አንዱ ወደ አንዱ ቤት ይሄዳል፣ ያኛው ወደዚህኛው ይመጣል። የሚነጋገር የለም። ሲተላለፉ አቀርቅረው ነው፤ አንዳቸው የሌላውን መርዶ ይዞ ይሆናላ! የሰፈሩ ባጃጆች ዳር ይዘው ቆመዋል፤ አንደኛው ብቻ «ዛሬ የእግረኛ ብዛት ከወትሮው በላይ ነው» ሲል ይሰማል።

የሂክማ ቤት ከመስጊዱ ጀርባ ባለው ቅያስ በኩል ነው። ኤልዳና የምትለውን በልቧ እያሰናዳች ቅያሱን ታጠፈች። ሂክማ ከፊት ለፊቷ ትመጣ ነበር። ጥቁር ሻሽ አጥብቃ አስራለች። ኤልዳና፣ ወደ ሌላ ሰው ቤት እየሄደች ነው፣ ሳልነግራት ልታመልጠኝ ነበር ብላ አሰበች። ቶሎ ቀረበቻት።

«ሂክሜ» አለች፣ «ቁርስ በላሽ?»

ሂክማም በዚያው ቅጽበት፣ በዚያው ድምፅ፣ «ኤልዱዬ፣ ቁርስ በላሽ?» አለቻት።

ሁለቱም ቆሙ።

ኤልዳና የሂክማን ዓይን አየች። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ዓይን ውስጥ ስታስገባ የኖረችውን ነገር ዛሬ ከፊቷ ቆሞ አየችው። በልቻለሁ ብትል ይነገራታል፤ አልበላሁም ብትልም ሂክማ ወስዳ አብልታ ትነግራታለች። ማምለጫ የለውም። ራሷ ናት እንዲህ አድርጋ የሠራችው።

«በኔ አምላክ ሂክሜ» አለች በሹክሹክታ። «ለኔ ነው የመጣሽው?»

«አንቺስ?» አለች ሂክማ። «አንቺስ ለኔ ነው?»

በመስጊዱ ግንብ ሥር ያለው ድንጋይ ላይ ተያይዘው ተቀመጡ። መርዶ ቆሞ የሚሰማ ሰው ይወድቃል። ውኃ ያመጡ ሁለቱም ነበሩ፤ ሁለቱም ጠርሙሱን ከነጠላቸው ሥር አወጡ። ከወዲያ ማዶ ካለው ቤት የመጀመሪያው ጩኸት ተሰማ፤ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ከላይኛው ሰፈር በኩል ሌላ።

«አንቺ ቅደሚ» አለች ኤልዳና።

«አልችልም። ወላሂ አልችልም።»

ኤልዳና ሥራዋን ሠራች። እስከ ዛሬ ከሠራችው ሁሉ በላይ አሳምራ ሠራችው። የሂክማን ሁለት እጅ ያዘች፣ ዓይኗን አየች፣ «አንዋር አርፏል» አለች። «ወንድምሽ አንዋር። ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። አብሽሪ እኅቴ።»

ሂክማ መጀመሪያ አላለቀሰችም። በጣቷ ትቆጥር ጀመር። «ኢዱ ዓምና ነው» አለች። «ዓምና ነው እኮ ይቅርታ የጠየቀኝ። ኤልዱ፣ ዓምና እኮ ነው! እንዴት ሆኖ? ታዲያ እኔ ይቅር ያልኩት ማንን ነው?» ከዚያ ፊቷን መታች። ኤልዳና እጆቿን ያዘች፣ ደረቷ ላይ አስጠጋቻት፣ እስኪወጣላት ድረስ አቆየቻት። ከዚያ በቀስታ ቀና አደረገቻት።

«አሁን አንቺ ንገሪኝ። እንዳስተማርኩሽ ንገሪኝ።»

ሂክማ እያነባች እጇን ያዘቻት። ደርዙን አልሳተችም።

«ወንድይራድ አርፏል» አለች። «ልጅሽ ወንድይራድ። መርከቡ ላይ እሳት ተነሥቶ ነው። አምና ክረምት።»

አምና ክረምት። መስቀል ገና ሳይደርስ። ታዲያ መርከቡ ዘገየ ያላት ማን ነው? ለፋሲካ እመጣለሁ ያላት ማን ነው? ያው ነኝ፣ ምንም አልተለወጥኩም ያላት ማን ነው? ኤልዳና የሂክማን እጅ አጥብቃ ያዘች። ቢጫው አምባር እጇ ላይ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። የሂክማም አምባር። በመንገዱ ላይ የሚያለቅሰው ሰው ሁሉ አምባር።

ከዚያ ስልኮቹ ጮኹ።

አንድ አይደለም፣ ሁለት አይደለም። በየኪሱ፣ በየጓዳው፣ በየመስኮቱ፣ ያ ሰፈር በሙሉ በአንድ ጊዜ ጮኸ። ሙከራው በወግ የሚዘጋው ማታ ነበር፤ እስከዚያ እፎይ ሥራው ላይ ነው። ሰዉ ሲከፋው ያያል፤ ሰው ሲከፋው ደግሞ ምን እንደሚደረግ ያውቃል። እንዲህ ያለ ነገር አይታችሁ አታውቁም፤ አያሳያችሁ። ለቅሶው ከጥሪው ጋር ተደባለቀ። አንዱ ስልኩን አስፋልቱ ላይ ከሰከሰው። አንዲት ሴት ግን አነሣችና «ወይኔ ልጄ! አለሽ? አለሽ አይደል?» እያለች መንገድ ለመንገድ ሮጠች።

የኤልዳናም ስልክ ነጠላዋ ሥር ይጮኻል።

«አታንሺው» አለች ሂክማ፣ የራሷን ስልክ በሁለት እጇ እንደ እባብ አንገት ጨብጣ። «በአላህ ይሁንብሽ አታንሺው።»

ኤልዳና አነሣችው።

«እማዬ፣ ደህና ነሽ?» አለ ወንድይራድ። ድምፁ የሱ ነው። እንቅልፉ ያልለቀቀው፣ ጎርነን ያለው፣ የጠዋት ድምፁ። «ዝም ብሎ ልቤ ፈራ።»

ኤልዳና ዓይኗን ጨፈነች። ስልኩን ጆሮዋ ላይ አጥብቃ ያዘች።

«ወንዴ» አለች፣ «ቁርስ በላህ?»

«በላሁ እማዬ። ምነው?»

«ቆመህ ነው ተቀምጠህ?»

«ቆሜ ነው።»

«ተቀመጥ ልጄ።»

ዕቃ ሲንኳኳ፣ ወንበር ሲሳብ ተሰማት። ወዲያ ማዶ ያለው ነገር ወንበር ሳበላት።

«ተቀመጥኩ» አለ። ድምፁ ሣሣ። «እማዬ፣ አታስፈራሪኝ። ማን ነው?»

መርዶ ነጋሪ ስሙን ሳይጠራ አይወጣም።

«ወንድይራድ ነው» አለችው። «ልጄ ወንድይራድ። አንተ ነህ የኔ ጌታ። አርፈሃል።»

ስልኩ ዝም አለ። ኤልዳና የዚያን ዝምታ ርዝመት ታውቀዋለች፤ መርዶ የተነገረው ሰው ሁሉ እንዲሁ ዝም ይላል። ከዚያ ይጮኻል፣ ወይ ይስቃል፣ ወይ ይወድቃል። ትደግፈው ይመስል ነፃውን እጇን ወደ ፊት ዘረጋች።

«ደህና ነኝ እማዬ» አለ ወንድይራድ። «ለመስቀል እመጣለሁ። ጉልበትሽ እንዴት አደረ?»